ቲቸር፣ ፕሮግራሚንግ እያስተማሩን ለምን በካልኩሌተር ይደምራሉ?

ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ረዘም ይላል። ሻይ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡልኝ። ከራሴ ጥፋት ነው የምጀምረው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ሆም ሩም የሆንኩበትን የ9ኛ ክፍል ሮስተር እየሞላሁ ነበር። አስተማሪ የሆናችሁ የሰኔን ሮስተር ታውቁታላችሁ። 54 ተማሪ፣ 10 የትምህርት ዓይነት፣ በዚያ ላይ «እስከ ነገ ይድረስ» ተብሏል። ሁለት ተማሪዎች አጠገቤ ቁጭ ብለው ማርክ ያነቡልኛል፤ እኔ ካልኩሌተር እየነካሁ ድምሩን በእስኪርብቶ እጽፋለሁ። አንደኛው ልጅ ሲያነብ ሲያነብ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ፕሮግራሚንግ እያስተማሩን ለምን በካልኩሌተር ይደምራሉ?»

ሳቅኩ። ሌላኛውም ልጅ ሳቀ። «ጊዜ የለም፣ ይልቅ አንብብ» አልኩት። አነበበ። ነገሩ እዚያው አለቀ ብዬ ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው እየተጠራ ተሸለሙ። ደርዘን ደብተር፣ መዝገበ ቃላት፣ ጭብጨባ። ካርድ ታደለ። ከሦስት ቀን በኋላ አንዲት ተማሪዬ ከእናቷ ጋር ትምህርት ቤት መጣች። ካርዷን ይዛለች፤ አንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ማርኮቿን በሙሉ በእርሳስ ደርድራ ደምራቸዋለች። «ቲቸር ይቅርታ፣ እኔ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ግን አምስት ጊዜ ደመርኩት» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንዱ ማርክ 86 ነው፤ እኔ ካልኩሌተሩ ላይ 68 ብዬ ነክቻለሁ። 913 መሆን የነበረበት ድምር 895 ሆነ። 91.3 የነበረው አማካይ 89.5 ሆነ። አንደኛ መውጣት የነበረባት ልጅ አራተኛ ወጣች። ሽልማት ደግሞ እስከ ሦስተኛ ነው።

እናቷ አልተቆጡኝም። «ምንም አይደል መምህር፣ የሚሳሳት ሰው ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በወላጆች ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው፣ የልጃቸው ስም ሳይጠራ ዝም ብለው የሄዱት እኚህ እናት ነበሩ። ካርዱን አስተካከልኩ፣ ሮስተሩም ተስተካከለ፣ ከኪሴም ደብተር ገዝቼ ሰጠኋት። የዚያን ቀን ጭብጨባ ግን ከየት አምጥቼ ልስጣት?

ያን ክረምት የልጁ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ሲያቃጭል ከረመ። ለምን በካልኩሌተር ትደምራለህ? እውነተኛው መልስ «ጊዜ የለም» አልነበረም። እውነተኛው መልስ ይሄ ነው፦ እኔ ራሴ ፕሮግራሚንግን ለኑሮ የሚጠቅም ነገር አድርጌ ተምሬው አላውቅም። ስለዚህ አስተማርኩት እንጂ ተጠቅሜበት አላውቅም።

እስቲ እንዴት እንደተማርኩ ልንገራችሁ። ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስማር ሲ ፕላስ ፕላስ የተማርኩት በአብዛኛው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ስድስት ሆነን እንሰለፋለን። ኪቦርዱን የሚይዘው ጎበዙ ልጅ ነው፤ ሌሎቻችን ትከሻው ላይ ተንጠልጥለን እናያለን። «ሄሎ ወርልድ» የሚል ጽሑፍ ስክሪን ላይ ሲወጣ አጨበጨብን። ሄሎ ወርልድ ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። ለፈተና ዴፊኒሽን ሸመደድን፣ አለፍን፣ ተመረቅን።

ከዚያ አስተማሪ ሆንኩና ያንኑ መልሼ አስተማርኩ። የድሮ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ። «ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተር የሚሰጥ ቅደም ተከተል ያለው ትእዛዝ ነው» ብዬ አስጽፌያችኋለሁ። የፍሎቻርት ቅርጾችን አስሸምድጃችኋለሁ፤ ዳይመንዱ ለውሳኔ፣ ሬክታንግሉ ለሥራ። የኮምፒውተር ትውልዶችን ከቫኪዩም ቱዩብ ጀምሬ አስቆጥሬያችኋለሁ። ብዙዎቻችሁ ከ90 በላይ አምጥታችኋል። ነገር ግን ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ ናችሁ አንድ ቀን፣ አንዲት ነገር፣ በተማራችሁት የሠራችሁበት? መልሱን ስለማውቀው አትጻፉልኝ። ይቅርታ የምጠይቃችሁ እኔ ነኝ።

በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ክፍል ስገባ ዴፊኒሽን አልጻፍኩም። ያንን የተሳሳተ ሮስተር ስሞቹን ሸፍኜ በቁጥር ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና ታሪኩን ነገርኳቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት የሚያደነዝዝበት ጠዋት ነበር፤ ክፍሉ ግን ዝም ጭጭ አለ። ከዚያ ላብ ገባን። 11 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው ያሉን። ኤክሴል ከፍተን የአንድ ተማሪ 10 ማርክ አስገባን፣ ድምሩን በፎርሙላ አወጣን፣ ፎርሙላውን ወደ ታች ጎትተን 54ቱን በአንዴ ደመርን። ደረጃውንም በፎርሙላ አወጣን። የእኔ ሁለት ቀን የፈጀው ሥራ፣ ማርኩ ከገባ በኋላ፣ ደቂቃ አልፈጀም።

ከመሀል አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እዚህስ ላይ 86ን 68 ብለው ቢያስገቡት?»

ያች ጥያቄ የዓመቱ ትምህርቴ ሆነች። ምክንያቱም መልሱ «ኮምፒውተሩም ይሳሳታል» ነው። እንዲያውም የኮምፒውተር ስህተት ከእኔ የባሰ ነው፤ በፍጥነትና በልበ ሙሉነት ይሳሳታል። ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍ ማለት ማሽኑን ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ የሰጠንን መልስ መጠርጠርም ነው አልኳቸው። መልሱን ለመጠርጠር ደግሞ ትክክለኛውን መልስ ከሌላ ቦታ ማወቅ አለብህ። ያች የመጀመሪያዋ ልጅ ስህተቴን የያዘችው ለምንድን ነው? ማርኩ የራሷ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ 53 ልጆች የእሷን ድምር አይቶ ለመደመር ምን አስጨነቃቸው?

ከዚህ ተነስቼ አንድ ሕግ አወጣሁ። እስከ ዛሬም የምሠራው በእሱ ነው፦ የልጅ የመጀመሪያ ፕሮግራም መልሱን ልጁ ራሱ የሚያውቀው፣ ከገዛ ቤቱ የመጣ ስሌት መሆን አለበት።

የቤት ሥራው አጭር ነበር። «ቤታችሁ ውስጥ ሰው የሚያደክም፣ የሚያጨቃጭቅ ወይም በየወሩ የሚደጋገም አንድ ስሌት አምጡ።» በቃ። ኮምፒውተር ይኑራችሁ አይኑራችሁ አልጠየቅኩም። የመጣውን ብታዩ! የእናት እቁብ፣ የአባት የጋሪ ገቢ፣ የግቢ መብራት ለአራት ተከራይ ሲካፈል የሚነሳው ጭቅጭቅ፣ የወተት ሒሳብ፣ የእድር መዋጮ፣ የጤፍ ዋጋና የወፍጮ ቤት። አንዱ ልጅ «የእህቴ ሠርግ ወጪ» ብሎ ሦስት ገጽ ይዞ መጣ። በቴክስት ቡኩ ላይ ካለው ምሳሌ አንዱም እንደዚህ አያስጨንቅም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉት ሐሳቦች አራት ብቻ ናቸው። አንደኛ፣ ለነገሩ ስም መስጠት፤ ዋጋ፣ ብዛት፣ ዕዳ። በእንግሊዝኛው ቫሪያብል የሚሉት ይሄው ነው። ሁለተኛ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ካልሆነ ግን እንዲያ» ማለት። ሦስተኛ፣ አንድን ሥራ ለ54ቱም ሰው መደጋገም። አራተኛ፣ ብዙ ነገር በአንድ ዝርዝር ውስጥ መያዝ። እቁብ የጠጣ ሰው አራቱንም ያውቃቸዋል። ዝርዝሩ አባላቱ ናቸው፣ ድግግሞሹ በየሳምንቱ ነው፣ «ከሆነ» ደግሞ የደረሰው ሰው ከዕጣው የሚወጣበት ነው። 20 ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል ባለዕጣው 10,000 ይወስዳል፤ በ20 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ይሄን ቋቋ ብላ የምታውቅ ልጅ ሉፕ የሚባለው ነገር ምኑ ነው የሚከብዳት?

አሁን «በምን ኮምፒውተር?» የሚለኝ አለ። ትክክል ነው። 11 ኮምፒውተር ለ54 ልጅ አይበቃም፤ መብራትም ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ልጆቹን ራሳቸውን ፕሮግራም አደርጋቸዋለሁ። አንዷ «ዋጋ» ትሆናለች፣ አንዱ «ብዛት»፣ ሌላው «ድምር»፤ እያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይይዛሉ። ትእዛዙን አነባለሁ፣ እነሱ ወረቀታቸውን እየሰረዙ ይቀይራሉ። «ድምር» የሆነው ልጅ የድሮውን ቁጥር ሳይሰርዝ አዲሱን ከጨመረ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። በዚያ ሳቅ ውስጥ ቫሪያብል አንድ ጊዜ አንድ ዋጋ ብቻ እንደሚይዝ ይገባቸዋል።

ስልክስ? ግቢ ውስጥ ስልክ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ምክንያቱም አለው። ቤት ግን የታላቅ ወንድም ወይም የእናት ስማርት ስልክ አለ። ፓይድሮይድ የሚባል አፕ አንዴ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ፓይተን ይሠራል። ፓይተን ደግሞ ለጀማሪ የሚሆን፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቋንቋ ነው። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ፦ ፓይተን 3 ላይ የቫሪያብል ስም በግእዝ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ልጁ «ዕዳ» ብሎ ሰይሞ «ዕዳ» ላይ 35 መደመር ይችላል፤ ማሽኑ ይቀበለዋል። «ኢፍ»ና «ፕሪንት» የሚሉት የቋንቋው ቃላት በእንግሊዝኛ ይቆያሉ፤ እነሱ ግን ለጀማሪ ከሃያ አይበልጡም። እንግሊዝኛ አልችልም ብሎ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ በራሱ ፊደል «ዕዳ» ብሎ ሲጽፍ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ባያችሁ።

ስለ ዕዳ ካነሳሁ አይቀር የአንዱን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። እናቱ ትንሽ ሱቅ አላት። የዱቤ ደብተር አለ፤ ደብተሩ ቅባት ጠጥቶ፣ ጫፉ ተበልቶ፣ ግማሹ ተሰርዟል። ልጁ ሁሉንም ዱቤ ስልኩ ላይ አስገብቶ የእያንዳንዱን ደንበኛ ዕዳ የሚደምር ፕሮግራም ጻፈ። በኩራት ለእናቱ አነበበላት። እናትየዋ ሰማችውና «ውሸት ነው» አለች። «ፀሐይ ይሄን ያህል ብቻ አይደለም ያለባት።»

ልጁ ተናደደ። ኮምፒውተር ይሳሳታል እንዴ? በማግስቱ ኮዱን ይዞልኝ መጣ። ሁለታችንም ፈተሽነው፤ ድምሩ ትክክል ነው። ከዚያ ደብተሩን አስመጣሁት። ፀሐይ በአንዱ ቦታ «ፀሐይ» ተብላ ተጽፋለች፣ በሌላው «ጸሐይ»፣ በሌላው «ፀሀይ»። ለእናቱ አንድ ሰው ናት። ለእኔና ለእናንተም አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ባለዕዳዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለእሱ የማይተዋወቁ ፊደሎች ናቸው። ልጁ መጀመሪያ ፊደሎቹን ወደ አንድ ዓይነት የሚቀይር ቁራጭ ጻፈ፣ ከዚያ ደመረ። እናትየዋ ልክ ነበረች።

ይሄን ትምህርት በየትኛው የፈረንጅ ቪዲዮ ላይ ታገኙታላችሁ? ይሄ የእኛ ፊደል፣ የእኛ ሱቅ፣ የእኛ ችግር ነው። ስህተቱንም የያዘችው ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ እናት ናት፤ መልሱን ታውቀዋለችና።

ሌላው ልጅ ድቁና የሚማር ነው። እሱ ያመጣው የቤት ስሌት አይደለም፤ ባሕረ ሐሳብ ነው። የዓመቱን ወንጌላዊ ማውጣት ፈለገ። ስሌቱን እሱ ነው ያስተማረኝ፦ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል፣ ለ4 ይካፈላል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። አስቡት እንግዲህ። ይሄ እኮ ንጹሕ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ» ነው። አባቶቻችን ያለ ኮምፒውተር በቃላቸው ሲያሄዱት የኖሩት ፕሮግራም ነው።

ልጁ ጽፎ ጨርሶ ለ2015 ሞከረው፤ ሉቃስ አለው። ጳጉሜን 2015 ስድስት ቀን እንደነበረች ያስታውሳል፤ ልክ ነው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከነው። «ቲቸር፣ 5500 እኮ ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ባልደምረውም መልሱ ያው ነው። ታዲያ ለምን ይደመራል?» አለኝ። አላወቅኩም። «የኔታህን ጠይቅ» አልኩት። ጠይቆ መጣ፦ ለወንጌላዊው ለውጥ የለውም፤ ለአበቅቴና ለመጥቅዕ ግን ዓመተ ዓለሙ ለ19 ስለሚካፈል ያስፈልጋል። 5500 ለ19 ሲካፈል ደግሞ ቀሪ አለው፤ 9። የ15 ዓመት ልጅ በላብና በቅኔ ቤት መሀል እየተመላለሰ ሒሳብ ሲያጣራ ከማየት በላይ ለአስተማሪ ምን ደስታ አለ?

«አሁን ግን ኤአይ አለ፣ ኮድ መማር ምን ያደርጋል?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ባለፈው አንድ ወዳጄም ኮመንት ላይ ጠይቆኝ ነበር። መልሴን በአንዲት ተማሪ ታሪክ ልስጥ።

ልጅቷ የኢትዮጵያን የልደት ዓመት ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ፕሮግራም ትፈልጋለች። ቤተሰቡ ውስጥ ፎርም የሚሞላው ሁሉ እሷን ነው የሚጠራት። ቻትጂፒቲን ጠየቀችው፤ ኮድ ሰጣት። ኮዱ ያምራል፣ ይሠራል፣ ስህተት አያሳይም። የራሷን አስገባች፤ ኅዳር 2001። 2009 አላት። የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ ግን 2008 ነው የሚለው። ኮዱን ከፍታ አየችው፤ ለማንም ይሁን ለማን 8 ይደምራል። እውነታው ግን ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ 8 የሚሆነው የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜን ነው። አንድ «ከሆነ» ጎድሎታል። እሷ ጨመረችለት።

እንግዲህ ይሄን ኮድ ያላነበበ ሰው ምን ይሆናል? በኅዳር የተወለደ ወንድሙን አንድ ዓመት አሳንሶ ፎርም ይሞላል። ከዚያ ፓስፖርቱ ሌላ፣ ሰርተፊኬቱ ሌላ። ይሄ ጣጣ ስንት ሰው እንዳንገላታ በየቢሮው የተሰለፋችሁ ታውቁታላችሁ። ኤአይ መኖሩ ትምህርቱን አላስቀረውም፤ ኮድ የመጻፉን ድካም ቀንሶ የማጣራቱን ኃላፊነት ጨመረብን። ልጅቷ ኮዱን ከባዶ ልትጽፈው አትችል ይሆናል፤ አንብባ ግን ስህተቱን ያዘች። እኔ ለአንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ የምመኘው ልክ ይሄንን ነው።

«ሁሉም ፕሮግራመር አይሆንም» የሚለውንም እሰማለሁ። እሰየው፣ አይሁን! ሒሳብ የተማረ ሁሉ የሒሳብ ሊቅ ሆነ እንዴ? ባለሱቁ፣ ነርሷ፣ የቀበሌ ጸሐፊው፣ የገበሬ ማኅበር ሒሳብ ያዡ፣ ሁላቸውም በየቀኑ ዝርዝር ይይዛሉ፣ ይደምራሉ፣ ይለያሉ። እኔ የማስተምረው ለእነሱ ነው። ከ54ቱ ሁለቱ ፕሮግራመር ቢሆኑ ምርቃት ነው። 52ቱ ግን «ይሄ ድምር ትክክል ነው ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ሰዎች ቢሆኑ ሀገር ይቀየራል።

ስለ ሰርተፊኬትም አንድ ነገር ልበል፤ እንዳትቀየሙኝ። ሐምሌ 2016 ላይ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ሲጀመር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በኦንላይን፣ በነፃ፣ ከቤት ሆኖ መማር ትልቅ ዕድል ነው። ተማሪዎቼንም አስመዝግቤያለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ፌስቡካችን ላይ የማየው ነው። ሰርተፊኬቱ ይለጠፋል፣ «እንኳን ደስ አለህ» ይጎርፋል፣ ከዚያ ጸጥ። አንድ ልጅ ሦስት ሰርተፊኬት ይዞ መጥቶ የቤታቸውን የመብራት ሒሳብ ለአራት ተከራይ የሚያካፍል ነገር ሥራ ብለው ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የኮርሱም ላይሆን ይችላል። ከኮርሱ በኋላ «የቤትህን ችግር አምጣ» የሚለው ሰው አልነበረውም። ያ ሰው እኛ አስተማሪዎች መሆን ነበረብን።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ፈተናው እኮ የሚጠይቀው ዴፊኒሽን ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ አልክድም። እኔም ዴፊኒሽን ማስጻፍ አልተውኩም፤ ቦታውን ብቻ ቀየርኩት። መጀመሪያ ይሠራሉ፣ ከዚያ ለሠሩት ነገር ስም እሰጠዋለሁ። «ያ ስትሠሩት የነበረው ሉፕ ይባላል» ስላቸው አይሸመድዱትም፤ ያውቁታልና። የክፍሌ ውጤት ከሌላው ክፍል በጣም በለጠ ብዬ ጉራ አልነዛም። አልቀነሰም፤ ይሄ ለእኔ በቂ ነው። አንድ የማይካድ ችግርም አለ፦ 54 የተለያየ የቤት ችግር ማረም ከ54 አንድ ዓይነት መልስ ከማረም ይከብዳል። ቅዳሜዬ አልቋል። ባለቤቴ ምስክር ናት።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወላጆች፦ ልጃችሁ «ኮዲንግ እየተማርኩ ነው» ካላችሁ ሰርተፊኬት አትጠይቁት። የእድሩን ደብተር ወይም የሱቁን ዱቤ ስጡትና «እስቲ ይሄን ሥራልኝ» በሉት። ሲጨርስ ደግሞ አትመኑት። አብራችሁ ደምሩ። እናንተ ኮምፒውተር ባታውቁም መልሱን ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ከማንም የተሻላችሁ ፈታኝ እናንተ ናችሁ።

አስተማሪዎች፦ ከራሳችን ሮስተር እንጀምር። ልጆቹ ፊት በካልኩሌተር እየደመርን ኮምፒውተር ጠቃሚ ነው ብንል ማን ይሰማናል?

የድሮ ተማሪዎቼ፦ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ሥራ የያዛችሁ፣ ዓረብ ሀገርም ያላችሁ፣ ለእናንተ ዕዳ አለብኝ። ያኔ ያልሰጠኋችሁን አሁን ልሞክር። በሥራችሁ ላይ ወይም በቤታችሁ ውስጥ የሚያደክማችሁ አንድ ስሌት ካለ ጻፉልኝ። ደመወዝ ለቤት ስትልኩ የምትመዘግቡት ይሁን፣ የቤት ኪራይ ይሁን፣ ግድ የለም። ተማሪዎቼ ይሥሩላችሁ። መልሱን እናንተ ስለምታውቁት ቢሳሳቱ ትነግሯቸዋላችሁ። ለእነሱ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ የለም።

ያች አራተኛ ያደረግኳት ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ከዚያ ዓመት በኋላ አላስተማርኳትም። ግን በየሰኔው ሮስተር ስንሞላ እጠራታለሁ፤ ትመጣለች። ማርኩ ኤክሴል ላይ ከገባ በኋላ አንድ ልጅ ከወረቀቱ ያነባል፣ እሷ ከስክሪኑ ታመሳክራለች። አምና ሁለት ስህተት ያዘች። አንዱ እኔ ያስገባሁት ነው።

«ቲቸር፣ እንደገና?» አለችኝ፤ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አስተካከልኩት፤ የወላጆች ቀን ገና አልደረሰም ነበር።

ሐሳባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የማትስማሙም ጻፉ፤ ስህተቴን ለመያዝ ከእኔ የተሻላችሁ ናችሁ። ቸር እንሰንብት።